የጥቅም ግጭት ምንድን ነው?

የአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ ተጫራቾችን እያወዳደረ ነው እንበል። ከተጫራቾቹ አንዱ የኮሚቴው አባል የሆነች ሠራተኛ ወንድም ነው። ሠራተኛዋ ለወንድሟ ነጥብ አልጨመረችም፣ ምስጢርም አላወጣችም። የጥቅም ግጭት ግን ተፈጥሯል። በሥራችን የምንወስነው ጉዳይ የራሳችንን፣ የቤተሰባችንን ወይም የወዳጃችንን ጥቅም ከነካ፣ ገና ምንም ሳናደርግ ግጭቱ አለ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሠራተኛ የሚደብቀው "ካሳወቅሁ ጥፋተኛ እባላለሁ" ብሎ ስለሆነ ነው። ነገሩ ኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ግን፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አያገኝም። የበርካታ አገሮች መንግሥታት አባል የሆኑበት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (OECD) እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ከእውነተኛው ግጭት ሌላ፣ ለተመልካች ግጭት የሚመስለውንና ወደፊት ሊፈጠር የሚችለውንም የለየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ግጭቱ በጨረታ ብቻ አይመጣም። የዘመድን የሥራ አፈጻጸም መሙላት፣ በትርፍ ሰዓት ለተፎካካሪ ድርጅት መሥራት፣ ከዕቃ አቅራቢ ስጦታ መቀበል፣ ነገ ሊቀጥረን የሚችለውን ድርጅት ዛሬ መቆጣጠር፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ማሳወቅ ያለብን ከውሳኔው በፊትና በጽሑፍ ነው፤ ዝምድናው ወይም ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ጉዳይ እንደሚነካ ለይቶ። ለአለቃ በቃል የተነገረ ነገር አለቃው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ብዙዎች ግን ቅጹን ሞልተው ሲፈርሙ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ሰዎች በማሰሮ ውስጥ ያለ ሳንቲም ስንት እንደሚሆን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ማሰሮውን በቅርበት ያዩ አማካሪዎችም መከሯቸው። አማካሪዎቹ የሚከፈላቸው ገማቾቹ ከፍ አድርገው ሲገምቱ ነበር። ይህ ጥቅማቸው ለገማቾቹ ሲገለጽ አማካሪዎቹ ይባስ አጋነኑ፤ ገማቾቹም ምክሩን የሚገባውን ያህል አልተጠራጠሩም። የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የነበረው የኤንሮን ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የኩባንያው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1999 የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስቶው ከኤንሮን ጋር የሚገበያዩ ሽርክናዎችን ራሱ እንዲመራ፣ የሥነ ምግባር ደንቡን ወደ ጎን ብሎ ፈቀደለት። ቦርዱ ግጭቱን እያወቀ አለፈው። ፋስቶው ከሽርክናዎቹ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ከሰረ።

ስለዚህ ማሳወቂያው የደረሰው ኃላፊ ፋይል ውስጥ አስቀምጦ ዝም ማለት የለበትም። ሠራተኛው ሰነዱን እንዳያይ፣ ነጥብ እንዳይሰጥ፣ ጉዳዩ ሲነሳ ከስብሰባው እንዲወጣና መውጣቱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ አለበት። ባልና ሚስት አለቃና ተጠሪ ከሆኑ ተጠሪነቱ ይቀየራል። ግጭቱ በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ወይ ግጭቱን ያመጣውን አክሲዮን ይሸጣል፣ ወይ የሥራ ቦታ ይለውጣል። ኃላፊው የወሰነውን ለሠራተኛው በጽሑፍ ይስጠው፤ አምኖ የተናገረን ሰው ኋላ ከሐሜት የሚከላከልለት ያ ወረቀት ነው።