ስለ ኦቶቲዩን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዛሬ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሳውንድ ካርድና ኮንደንሰር ማይክ ካለ ዘፈንም መዝሙርም መቅረጽ ይቻላል። ድምፁ ከተቀረጸ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቅኝት የወጣን ኖታ የሚያርም ሶፍትዌር፣ ኦቶቲዩን ወይም ሜሎዳይን ነው። ሁለቱም የተሠሩት የምዕራባውያንን የሙዚቃ ስኬል ታሳቢ አድርገው ስለሆነ፣ ሳይስተካከሉ በእኛ ቅኝት ላይ ሲጫኑ ድምፃዊው በትክክል ያዜመውን ጭምር ያበላሻሉ። ያን ጊዜ ጥፋቱ በድምፃዊው ይላከካል። ከታች ያሉት በየስቱዲዮው ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«ኦቶቲዩን ማለት ያ የሮቦት ድምፅ ነው»

ኦቶቲዩንን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው ቀደም ሲል በነዳጅ ፍለጋ ሙያ ላይ ነበር፤ ወደ መሬት ውስጥ ተልኮ የሚመለስ ሞገድ የሚተነተንበትን ስሌት ወደ ሰው ድምፅ አመጣው። የታሰበውም ከቅኝት የወጣን ኖታ ማንም ሳያውቅ ወደ ቦታው ለመመለስ ነበር። የሮቦቱ ድምፅ የታወቀው በ1998 የሼር «ቢሊቭ» ሲወጣ ነው፤ አዘጋጆቹ የእርማቱን ፍጥነት ሆን ብለው ዜሮ ላይ አደረጉት።

ሪቱን ስፒድ የሚባለው ይህ ቁልፍ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። ዜሮ ላይ ሲሆን ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይንሸራተት ይዘላል፤ ሮቦት የሚመስለው ለዚህ ነው። ለአማርኛ ዘፈን ከ50 እስከ 100 ባለው መካከል ቢጀመር ጥሩ ነው። ዝግ ባለ ትዝታ ላይ ከዚያም ማለፍ ይቻላል። ቁጥሩ ከ20 በታች ከወረደ ሰሚው ያውቀዋል።

«መዝፈን የማይችለውን ዘፋኝ ያደርገዋል»

የኖታ እርማት የሚነካው የኖታውን ከፍታ ብቻ ነው። ትንፋሹ ያለቀበት፣ ከምቱ የዘገየ፣ ቃል የሚውጥ ድምፃዊ ከእርማት በኋላም ያው ነው። እንዲያውም ኖታው ሲስተካከል ሌላው ጉድለት ይበልጥ ይሰማል።

መጠኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 100 ሴንት ነው። እስከ 40 ወይም 50 ሴንት የሚደርስ እርማት በአብዛኛው አይሰማም። ከ100 ሲያልፍ የድምፁ ቀለም መለወጥ ይጀምራል፤ ከ200 በላይ ደግሞ ፎርማንት የሚባለው የድምፁ መልክ ካልተጠበቀ ድምፃዊው ሌላ ሰው ይመስላል። በአንድ አዝማች ውስጥ ከ100 ሴንት በላይ የሚጠይቅ ቦታ ደጋግሞ ከመጣ ድጋሚ ማስዘፈን ከማረም ይፈጥናል።

ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝቅ እያለ ከመጣም ሶፍትዌሩን ከመክፈት በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ሄድፎኑ ነው፦ ሙዚቃው ከጮኸበት ድምፃዊው ራሱን አይሰማም፤ የሙዚቃውን ድምፅ መቀነስ ወይም አንዱን ጆሮ ገለጥ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የተገለጠው ጎን ግን ጭንቅላቱ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሙዚቃው ወደ ማይኩ ይገባል። ሁለተኛው ኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሣበት ከፍታ፣ ራሱ ነው። አቀናባሪው አንድ ወይም ሁለት ሴሚቶን ዝቅ ቢያደርገው የሚድን ዘፈን ብዙ ነው።

«ኪዩን ከመረጥን ቀሪውን ራሱ ያውቀዋል»

ከሁሉም በላይ ዘፈን የሚያበላሸው ይህ ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት በዋናነት የሚያቀርበው ሜጀር፣ ማይነርና ክሮማቲክ (አሥራ ሁለቱም ኖታ ክፍት የሆነበት) ነው። ቅኝታችንን በእጅ ማስገባት የእኛ ሥራ ነው። መነሻው ሲ ቢሆን፣ ክፍት የሚሆኑት ኖታዎች እነዚህ ናቸው፦

ትዝታ ሜጀር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ
ትዝታ ማይነር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
ባቲ ሜጀር፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ
አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት
አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ

አንቺሆዬ ላይ ሲ ሜጀር ተመርጦ ቢጫን ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በሲ ሜጀር ውስጥ ዲ ፍላትም ጂ ፍላትም የሉም። ስለዚህ ድምፃዊቷ በትክክል ያወጣችውን ዲ ፍላት ሶፍትዌሩ ፎልስ (ከቅኝት የወጣ) ነው ብሎ ወደ ሲ ወይም ወደ ዲ ይወረውረዋል። አንቺሆዬን አንቺሆዬ ያሰኙት ሁለቱ ኖታዎች በአንድ ጊዜ ጠፉ ማለት ነው።

ነገር ግን አምስቱን ኖታ ብቻ ክፍት አድርጎ መተውም ሌላ ወጥመድ አለው። ክሮማቲክ ላይ አንድ ድምፅ ቢበዛ 50 ሴንት ነው የሚጎተተው። አምባሰል ላይ ግን ከዲ ፍላት እስከ ኤፍ 400 ሴንት ርቀት አለ። ድምፃዊው ከኤፍ ወደ ታች እየተንሸራተተ ሲመጣ ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ሶፍትዌሩ በድንገት ወደ ዲ ፍላት ይጥለዋል፤ እስከ 200 ሴንት የሚደርስ ጉተታ ነው። በባቲም በሲና በኢ መካከል ያለው ክፍተት ይኸው 400 ሴንት ነው። በዜማ ትምህርት ርክርክ እንደሚባለው ያለ፣ በአንድ ትንፋሽ እየተርገበገበ የሚወርድ ድምፅ በዚህ ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ ይሰባበራል።

መፍትሔው በኦቶቲዩን ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ኖታ አጠገብ ሪሙቭ እና ባይፓስ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሪሙቭ ኖታውን ከስኬሉ ያወጣዋል፤ ወደዚያ የመጣ ድምፅ ሁሉ ወደ ጎረቤት ይገፋል። ባይፓስ ግን «እዚህ ስደርስ አትንካኝ» ማለት ነው። አምስቱን የቅኝቱን ኖታዎች ክፍት አድርጉ፤ ድምፃዊው በመሸጋገሪያ የሚረግጣቸውን በባይፓስ እለፏቸው፤ ፈጽሞ የማይረገጡትን ብቻ ሪሙቭ አድርጉ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቅኝት ከቀየረ ደግሞ ድምፁን ሁለት ትራክ ላይ ከፍሎ ለየብቻው ማረም ይቀላል።

«ኤ 440 ከሆነ ሁሉም ይገጥማል»

ሶፍትዌሩም ኪቦርዱም ሲከፈቱ ኤ የተባለው ኖታ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) በሆነበት ልክ ላይ ናቸው። ማሲንቆ ግን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ በማሲንቆ ብቻ የታጀበ ከሆነ መጀመሪያ ማሲንቆው ይለካ። ተጫዋቹ ጭራውን በጣቱ ሳይጫን ለጥቂት ሰከንድ ይሳበው፤ የስልክ ቲዩነር ኖታውንና ልዩነቱን ያሳያል። ለምሳሌ ጂ ሆኖ 30 ሴንት ዝቅ ካለ፣ የሶፍትዌሩ መነሻ ከ440 ወደ 432.4 ይውረድ። ይህ ካልተደረገ እርማቱ ድምፁን ከማሲንቆው በ30 ሴንት ያራርቀዋል፤ ሁለቱም ለየብቻ ጥሩ ሆነው አብረው ሲሰሙ ይጣላሉ።

ኪቦርድም ማሲንቆም ካሉ ማሲንቆው ከቀረጻው በፊት በኪቦርዱ ልክ ይቃኝ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ቦታ ጠዋት የተቃኘ ጭራ ክፍሉ ሲሞቅ ይለወጣል፤ በየቴኩ (በየቀረጻው ዙር) መካከል መፈተሽ ያስፈልጋል።

በዚሁ ላይ፦ ማሲንቆና ድምፅ በአንድ ማይክ ከተቀረጹ ኦቶቲዩን አይሠራም። አንድ ነጠላ ድምፅ ብቻ ነው የሚያነበው። ሜሎዳይን ከ2009 ጀምሮ ተደራራቢ ኖታ መለየት ይችላል፤ ሆኖም ማሲንቆ ዘፋኙን እየተከተለ ያንኑ ዜማ ስለሚጫወት የሁለቱ ድምፅ እርስ በርሱ ይገባል። በገናም እንዲሁ ያስቸግራል፤ በእንዚራው (ከአውታሮቹ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚመጣው ዝዝታ የድምፁን ኖታ ይሸፍነዋል። ሁለት ማይክ፣ ከተቻለም ሁለት የተለያየ ቀረጻ ይሻላል።

«ሁሉም ኖታ መስመሩ መሃል መቀመጥ አለበት»

ሜሎዳይን ሲከፈት እያንዳንዱ ኖታ እንደ ጉብታ ይታያል፤ በላዩ የሚሄደው ቀጭን መስመር ትክክለኛው የድምፁ ጉዞ ነው። ጀማሪ ሁሉንም መርጦ መቶ በመቶ ወደ መሃል ይስበዋል። ዘፈኑ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ነገር ለየብቻ ይታያል፦ የኖታው መሃል እና በኖታው ውስጥ ያለው መዋለል። መሃሉን 60 ወይም 70 በመቶ ማረም ይበቃል፤ መዋለሉን ዜሮ ላይ መተው ነው። ረጅም ተይዞ መጨረሻው ላይ የወደቀ ኖታ ካለ እሱን ብቻ ለይቶ ማቅናት ይቻላል።

የአማርኛ ድምፆችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ናፍቆቴ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። «ፍ» ላይ ኖታ የለም፣ አየር ብቻ ነው። «ቆ» ላይ ጉሮሮ ለአፍታ ይዘጋል፤ ሲከፈት ድምፁ እንደ አዲስ ይነሣል። ሶፍትዌሩ ይህን አዲስ ኖታ ብሎ ይዞ ሊጎትተው ይሞክራል፤ በዚያች ቅጽበት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ ይሰማል። ጠ፣ ጨ፣ ጸና ጰ ላይም ያው ነው። ስለዚህ በሜሎዳይን ኖታው ከተነባቢው በኋላ፣ አናባቢው ሲጀምር ይቆረጥ፤ የሚንቀሳቀሰው አናባቢው ብቻ ይሁን። በ2020 የወጣው ሜሎዳይን 5 እንደ «ስ» እና «ሽ» ያሉትን ራሱ ይለያል፤ የጉሮሮዎቹን ግን በጆሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቀረርቶና ፉከራ ላይ ጭራሽ አይጫን። ፉከራ ንግግር ነው፤ የቀረርቶም ኃይል በሚንሸራተተው ድምፅ ላይ ነው።

«ሚክሱ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ይደረጋል»

ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ የማይፈለገው የታች ድምፅ ይቆረጥ፤ ከ80 ኸርዝ በታች ለብዙ ድምፅ በቂ ነው። ቀጥሎ እርማቱ፤ ከዚያ ኮምፕረሰር፣ ኢኩዌላይዘር፣ መጨረሻ ላይ ሪቨርብና ኤኮ። ኤኮው ቀድሞ ከገባ ያለፈው ኖታ ጭራ ከአሁኑ ጋር ተደርቦ ሶፍትዌሩ የትኛውን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። መዝሙር ሲቀረጽ ከሚክሰሩ ኤኮ ጨምሮ አብሮ የመቅረጽ ልማድ አለ፤ እንዲህ የተቀረጸ ድምፅ በኋላ በደንብ አይታረምም። ኤኮው ለድምፃዊው በሄድፎን ይሰማው፤ ትራኩ ላይ ግን አይግባ።

«ክፍሉ ቢያስተጋባም ያስተካክለዋል»

የክፍሉም ማስተጋባት እንደ ኤኮው ነው፤ ይህን ደግሞ በኋላ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከባድ ነው። ውድ ፎም መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጣል፤ ለዚህ የመንዝ ባና ተስማሚ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ባና ከድምፃዊው ጀርባና ግራ ቀኝ፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ሥራው ይቀንሳል። ድምፃዊው ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይቁም።

ባና የታች ድምፅ አያቆምም። ክፍሉ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ከሆነ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅን ንባብ ያሳስታል፤ ሶፍትዌሩ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ሊያነበውም ይችላል። የድምፁን ዓይነት ከሚጠይቀው ምርጫ ትክክለኛውን መምረጥ ይህን ስህተት ይቀንሳል። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን መጠበቅ እንጂ መላ የለውም።

«እየዘፈነ የታረመውን ቢሰማ ይሻለዋል»

ሁለት ችግር አለው። ድምፃዊው የራሱን ስህተት ስለማይሰማ ይበልጥ ይርቃል። ሌላው መዘግየቱ ነው፦ በ44.1 ኪሎኸርዝ በፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ መጠን) 128 ሲሆን 3 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ 1024 ሲሆን 23 ገደማ ነው፤ ይህም ሲገባና ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በዚያ መዘግየት ምት መያዝ ከባድ ነው። ያልታረመው ይሰማው።

«ክራክ ካልተጫነ አይገኝም»

ጂስናፕ እና ኤምኦቶፒች በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ሪፐር በሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ላይ ሪአቲዩን አብሮት ይመጣል፤ ከሌሎቹ የመቅረጫ ፕሮግራሞች ደግሞ ኤፍኤል ስቱዲዮን በኒውቶን፣ የኩቤዝን ትልቁን እትም በቫሪኦዲዮ፣ ሎጂክን በፍሌክስ ፒች ማረም ይቻላል። ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ጥበቃው የተሰበረ) ፋይል ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ የስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ሥራ አለ። ጂስናፕ ከነፃዎቹ መካከል ለቅኝታችን የሚመቸው በአንድ ምክንያት ነው፦ ኖታውን ከሚዲ ኪቦርድ ይቀበላል። ዜማውን በኪቦርድ ተጫውቶ ከድምፁ ጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ከሚዲ እንዲያነብ ማዘዝ ነው። እርማት ያልተፈለገበት ርክርክ ላይ ሲደርስ በትራኩ ላይ ማጥፋት፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ማብራት ይቻላል።