የጣና ዳር በረት ጠባቂ ውሻ፦ ጠባዩና የዘር ጤናው

ከባህር ዳር ዙሪያና ከደራ ጀምሮ እስከ ፎገራና ደምቢያ ድረስ ከብት ያለው ገበሬ ደጅ ውሻ አይጠፋም። በዘር ተለይቶ የተመዘገበ ስላልሆነ ሁሉም ያበሻ ውሻ ነው ሚባለው። ዘጌ ላይ በቆየው ልማድ ማረስም ከብት ማርባትም ስለማይፈቀድ እዛ ያለው ውሻ ቤት ጠባቂ ነው።

ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ምግቡ የእንጀራ ፍርፋሪና አጓት ነው። ካንጋል ሚባለው የቱርክ በግ ጠባቂ ውሻ ከበጎቹ ጋር ሜዳ ውሎ ያድራል፣ የኛው ግን ቀኑን ለእረኛው ትቶ ሌሊት በረቱን ይይዛል። ሰው "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያለ ያማዋል እንጂ ስራው እኮ መጮኹ ራሱ ነው፣ ጅብ ገጥሞ ይጣል ያለው የለም፣ ባለቤቱን ቀስቅሶ ጅቡ አጥሩን ሳያልፍ ከተመለሰ ጨርሷል። ቡችላ ከ3 እስከ 12 ሳምንቱ አብሮት ያደገውን እንደ ወገኑ ስለሚያይ በዛ እድሜው በረት አካባቢ ከግልገልና ከጥጃ ጋር ቢለማመድ ጥሩ ነው። እስከ 2 ዓመቱ ድረስ በጨዋታ በግ ሊያሯሩጥ ይችላል፣ ያኔ "በግ በላ" ተብሎ ሚባረረው ብዙ ጊዜ ገና ያልበሰለ ጎበዝ ውሻ ነው።

ዘሩን በተመለከተ ያበሻ ውሻ እንደልቡ ስለሚዳቀል ከዘመድ መዳቀል ሚመጣው ችግር ያን ያህል አያጠቃውም፣ ደካማውም ቡችላ ሳያድግ ይቀራል። አሁን አሁን ከተማው ውስጥ በግዝፈቱ ተወዶ ሚዳቀለው ጀርመን ሸፐርድ ግን በዘር ሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር እንዳለበት ይታወቃል። በጢስ አባይ መንገድ ያለው አንዳሳ የምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዘሩ እንዳይጠፋ ለይቶ ያረባል፣ ለውሻው እንዲህ ያሰበለት የለም፣ ሊታሰብለት ግን ይገባል።

በደንብ ተጽፎ ሚገኘው የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በቤጌምድርም በጎጃምም፣ ማለትም በሐይቁ በሁለቱም ወገን፣ መታየቱ ተመዝግቧል፣ በ1903 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ወረርሽኝ ሆነ። በሽታው እንዲቆም ካካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው፣ ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል ከዛ ይደገምለታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ጸበሉም ይቀጥል ክትባቱ ግን እንዳይቀር፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሚያድን መድኃኒት የለም።

ሌላው ትል ነው። ለበዓል በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻው ይወረወራል፣ ትሉ ሆዱ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነምድሩ ይወጣና ሳሩን ሚግጡት በጎችም ደጅ ሚጫወቱት ልጆችም ጋ ይደርሳል፣ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ጠልቆ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።