በረዶ ያለበት ባሕር ውስጥ ምን ይኖራል? ስለ ፌጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ ጥብስ እየበላን የቫይረስ ወሬ ተነሣ። ስለ ኮቪድ አይደለም። በዋልታ ባሕሮች ባክቴሪያን ስለሚያጠቁ ቫይረሶች ነው፤ ፌጅ ይባላሉ። ወሬውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ በጣም ስለምወደው። እዚያ የሰማኋቸው ስህተቶች ብዙ ሰው ዘንድ ስላሉ ልጻፋቸው።

«ቫይረስ ከሆነ ያው በሽታ ነው።»

ዓሣውን ያመጡልን ጋሼ ደንግጠው «እንዴ ልጄ፣ እኛ ሐይቅ ውስጥም አለ?» አሉኝ። አለ፣ ጋሼ። ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ ፌጅ አለ። ሰውን ግን አያጠቃም። ባክቴሪያው ላይ ይጣበቅና ዘረመሉን ወደ ውስጥ ይልካል፣ ውስጡ ይባዛል፣ ከዚያ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የፈሰሰውን ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ይመገቡታል። ውቅያኖስ ውስጥ በየቀኑ ከባክቴሪያው አንድ አምስተኛ የሚሆነው እንዲህ እንደሚያልቅ ይገመታል።

«በዚያ ብርድ ምን ይኖራል?»

የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከበረዶው ሥር ውሃ አለ፣ ባክቴሪያም አለ።

«ቢኖርም ጥቂት ዓይነት ነው፤ ብዛቱ ያለው ሙቅ ባሕር ላይ ነው።»

ይሄኛውን እኔም አምን ነበር። እንስሳትና ዕፅዋት ወደ ዋልታ ሲጠጉ ዓይነታቸው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቫይረሱም እንደዚያው ይመስላል። ታራ የተባለችው የምርምር መርከብ ግን በ2013 (እ.ኤ.አ.) አርክቲክን፣ ማለትም የሰሜን ዋልታውን ባሕር፣ ዞራ ውሃ ቀዳች። ያ ውሃ ከሌሎች ውቅያኖሶች ከተቀዳው ጋር ተመርምሮ ውጤቱ በ2019 ሲወጣ፣ ወደ 196 ሺህ የሚጠጉ የቫይረስ ዓይነቶች ተለዩ፤ ቀድሞ ከሚታወቀው 12 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አርክቲክም የቫይረስ ዓይነት እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ! ሁለቱ ዋልታዎችም አንድ አይደሉም። ጥናቱ አርክቲክንና አንታርክቲካን ለየብቻ ነው የመደባቸው።

«ፌጅ ያገኘውን ወዲያው ይገድላል።»

ሁሌ አይደለም። አንዳንዱ ዘረመሉን ባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ ሰክቶ ዝም ይላል። ባክቴሪያው ሲባዛ እሱም አብሮ ይባዛል። አንታርክቲካ አጠገብ በተደረገ ጥናት፣ ምግብ ገና ባልበዛበት በጸደይ መግቢያ እንዲህ የሚጠብቁት በርክተው ታይተዋል። በጋው ገብቶ ባሕሩ በዋቅላሚ (አልጌ) ሲሞላና ባክቴሪያው ሲበዛ ግን ማፈንዳቱ ይበረታል።