ቦዬ ረግረግ፦ የጂማ ውሃና ብዝሀ ሕይወት

ቦዬ ከጂማ ከተማ ደቡብ ምስራቅ ያለ ሰፊ ረግረግ ነው፣ ሰው ቦዬ ሐይቅ የሚለው ውሃም እዛው ነው። ጂማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ዝናብ የማይለያት ከተማ ስለሆነች ከዙሪያ ኮረብታው የሚወርደው ውሃ እዚህ ነው የሚያርፈው፤ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው አዌቱ ወንዝም ወደዚሁ ይመጣል። ከቦዬ የወጣው ግልገል ጊቤ ወንዝ ይገባል፣ ከዛ ጊቤ፣ ከዛ ኦሞ፣ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። መንገድ ላይ በ1996 ያለቀው ባለ 184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አለ፣ ስለዚህ ቦዬ ያላስቀረው ደለል እዛ ግድብ ውስጥ ሄዶ ነው የሚተኛው።

እንዲህ ያለው ረግረግ ጨፌም ይባላል፤ ጨፌ ማለት በበጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ ከብት የሚወርድበት እርጥብ መስክ ነው፣ ቃሉ ኦሮምኛ ሲሆን የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስምም እሱው ነው።

ጂማ ላደገ ሰው ቦዬ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ጉማሬ ነው። ቀን ቀን ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው ከውሃው በላይ የሚታየው፣ ማታ ሣር ሊበላ ይወጣል። ግን የቦዬ እውነተኛ ሀብት ወፎቹ ናቸው። ባለዘውዷ ጥቁር ክሬን፣ ራሷ ላይ እንደ ወርቅ የሚያበራ ላባ ያላት፣ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ናት፣ በጂማ ዙሪያ ረግረጎች ግን ቄጠማው መሀል ጎጆዋን ሠርታ ትፈለፍላለች። እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖ ደሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ አይገኝም። ከአሳ ደሞ፣ ታች ግድቡ ላይ ቆሮሶ ይወጣል።

ስለ ቦዬ በደንብ የምናውቀው ጂማ ዩኒቨርሲቲ ደጃፋችን ላይ ስላለ ነው፣ ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ ውለታ መርሳት ነው። ተማሪዎቹ ቦቲ አድርገው ጭቃውን በእግራቸው እያናወጡ በመረብ የሚይዙትን ትንንሽ ነፍሳት ይቆጥራሉ፤ የውሃ እናት እጭ ካለ ውሃው ደህና ነው፣ ቀያይ ትል መሳይ የትንኝ እጮች ብቻ ከቀሩ ግን ኦክስጅኑ በጣም አንሷል ማለት ነው። ቦዬ ላይ የከተማው ፍሳሽ በሚገባበት በኩል እነዚህ ቀያዮቹ ይበዛሉ።

ረግረጉን ማን ጎዳው የሚለው ያከራክራል። አንዳንዱ የሸክላ ጡብ ሠሪዎቹን ይላል፣ ጭቃውን ቆፍረው በእንጨት ፎርም እየቀረፁ አድርቀው በማገዶ ያቃጥሉታል፣ የሚቀረው ጉድጓድ ውሃ ያቁርና የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ግን የብዙ ወጣት እንጀራም ስለሆነ እነሱ ላይ ብቻ መፍረድ ይከብዳል። ባሕር ዛፉ ላይ ግን ምንም ክርክር አያስፈልግም፣ ውሃ መጣጭ ነው፣ ረግረግ ዳር መተከል አልነበረበትም። አዌቱ ይዞት የሚመጣው ፌስታልና ሀይላንድም ለማንም ግልጽ ነው።

ቄጠማውን ሴቶች ገና ጤዛው ሳይረግፍ ያጭዳሉ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ ያደርሱታል። ለበዓል ዋዜማ ሲሆን እስሩ ቶሎ ያልቃል፣ እዛው ቀን ከሰዓት ጂማ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ወለሉ ላይ ተጎዝጉዞ ይገኛል፣ ሥሩ ጋ ያለው ነጩ ክፍል ገና ውሃ እንደቋጠረ።