«ባቡሩ ሳተኝ»፦ እንግሊዝኛ ስንማር የሚያሳስቱን አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ሦስት ቋንቋ መቻል ብርቅ አይደለም። ጠዋት አማርኛ እያወራ ከቤቱ ወጥቶ፣ ቀፊራ ገበያ በኦሮምኛ ሸምቶ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ በሶማልኛ ዋጋ ተከራክሮ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። እንግሊዝኛ ሲባል ግን ያው ሰው «አቦ ተዉኝ፣ እሱስ ለኔ አልተፈጠረም» ይላል።

ከሥራ በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ወጣቶችንም ትልልቅ ሰዎችንም እንግሊዝኛ ሳለማምድ ዓመታት አልፈዋል። ጭንቅላቱ ቋንቋ የማይቀበል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የሚገጥመኝ ከተሳሳተ እምነት ጋር የሚመጣ ሰው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ብዙ ቃል የሸመደደ ቋንቋውን ያዘው»

አንድ ልጅ መጀመሪያ የመጣ ቀን ወፍራም ደብተር ይዞ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ከ«ኤ» ጀምሮ በተራ ገልብጦታል። የመጀመሪያው ቃል «አባንደን» ነው፤ ጥሎ መሄድ ማለት። ሦስት ወር ለፍቶ ገና «ቢ»ን አልጨረሰም። ለባለሱቅ «መልሴን ስጠኝ» ማለት ግን አይችልም።

ቃላት እኩል አይሠሩም። ማይክል ዌስት የሚባል፣ ቤንጋል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራ እንግሊዛዊ መምህር ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በብዛት የሚያገለግሉ ወደ 2000 የሚጠጉ ቃላት መርጦ አሳተመ። እነዚህ ቃላት ከነእርባታቸው ከተለመደ ጽሑፍ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። በጭውውት ደግሞ ድርሻቸው ከዚያም ይበልጣል። ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታው) ማወቅ እንደሚያስፈልግ ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 አስልቷል። ወደዚያ የሚደረሰው ግን በ2000ዎቹ በኩል ነው።

«ጌት»ን ብቻ ውሰዱ። «ጌት ኤ ጆብ» ሥራ ማግኘት ነው። «ጌት ሆም» ቤት መድረስ ነው። «ጌት ታየርድ» መድከም ነው። «አይ ጌት ኢት» ስትሉ ደግሞ «ገባኝ» ማለታችሁ ነው። ይህቺን አንዲት ቃል ከነጓደኞቿ የያዘ ሰው ደብተር ሙሉ ከሸመደደው በፊት አፉን ይፈታል።

«የአማርኛውን ቃል በእንግሊዝኛ ከተካሁት ይሠራል»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር የሚጥለው ይሄ ነው።

አንዲት ተማሪዬ አዲስ አበባ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ ባቡሩ አመለጣት። ለሚጠብቃት የውጭ አገር ሰው ቶሎ ብላ በስልኳ ጻፈችለት፦ «ሶሪ፣ ዘ ትሬን ሚስድ ሚ»። ሰውየው ደንግጦ መለሰላት፦ «ኦ ማይ ጎድ! አር ዩ ኦኬ?» ግራ ገብቷት ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ባቡር አመለጠኝ ብል ምን ያስደነግጠዋል?»

የጻፈችው ለካ «ባቡሩ ሳተኝ» ነው። ሊገጨኝ ነበር፣ ለጥቂት ተረፍኩ እንደማለት። ሰውየው ሐዲድ ላይ የቆመች ልጅ ነው የታየው።

ልጅቷ ሰንፋ አይደለም የተሳሳተችው። ጥሩ አማርኛ አስባ፣ ያንኑ እንዳለ አሻገረችው። በእኛ ቋንቋ የሚያመልጠው ባቡሩ ነው፤ ሰውየው የሚደርስበት ነው። በእንግሊዝኛ ግን አድራጊው ሰው ነው፦ «አይ ሚስድ ዘ ትሬን»።

አንዴ ይህን ካያችሁ የትም ታገኙታላችሁ። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ እነሱ ግን ራሳቸው ጉንፋኑን ይይዙታል፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። እኛ ቤት ስኳር ያልቅብናል፤ እነሱ ጋ ሰዎቹ ናቸው ስኳሩን የሚጨርሱት፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር»። ስልክ ይጠፋብናል፤ እነሱ «አይ ሎስት ማይ ፎን» ይላሉ። «ናፈቅከኝ» ስንል ናፋቂውን የሚያስጨንቀው የተናፈቀው ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ ናፋቂው ራሱ ያደርገዋል፦ «አይ ሚስ ዩ»። ልብ በሉ፣ የባቡሩም የናፍቆቱም ግሥ ያው «ሚስ» ነው።

ተማሪዎቼን በጣም የሚከብዳቸው ግን ብርጭቆው ነው። በአማርኛ «ተሰበረብኝ» ስንል ሳላስበው ነው ማለታችንም ነው። «አይ ብሮክ ዘ ግላስ» ሲሏቸው «እንዴ፣ ሆን ብዬ ሰበርኩት ልበል?» ይሉኛል። እንግሊዝኛው እንደዚያ አይሰማም። ማን እንደሰበረው ይናገራል እንጂ ሆን ተብሎ ነው አይልም። ሐዘናችሁን መግለጽ ከፈለጋችሁ «ሶሪ» ጨምሩበት፤ ይበቃል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ሚስ ማለት ማምለጥ» ብላችሁ አትጻፉ። «አይ ሚስድ ዘ ትሬን» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉት። ከሥሩ «ባቡር አመለጠኝ» በሉ። ማን ምን እንዳደረገ አብሮ ይያዝላችኋል።

«አፕ፣ አውት፣ ኦፍ ትንንሽ ስለሆኑ ይታለፋሉ»

አይታለፉም። የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ በእነሱ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ። «ሉክ» ማየት ነው፤ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ። «ፑት» ማስቀመጥ ነው፤ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ።

«ይሄማ ምንም ሕግ የለውም» ብሎ የሚያማርር አለ። የራሳችንን እንይ። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ምን አለ? ምንም አላለም፤ ተቀመጠ እንጂ። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ደስ አለው» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። «ቁጭ»ን ለብቻዋ፣ «አለ»ን ለብቻዋ ተርጉሞ የሚያገናኝ ሰው የትም አይደርስም። ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ነው ከእናታችን የሰማናቸው። «ጊቭ አፕ»ንም እንዲሁ እንደ አንድ ቃል ስሙት። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የመሰለን ማንም ስላልነገረን ነው።

«ፈሊጥ ያበዛ እንግሊዝኛ የቻለ ነው»

ኢዲየም ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን መጀመሪያ መረዳት ነው፣ መናገር ኋላ ይደርሳል።

እዚህ ከተማ እንግሊዝኛ የጀመረ ሁሉ ዝናብ ሲጥል «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ማለት ይወዳል። ድመትና ውሻ ይዘንባል እንደማለት ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ያውቁታል፤ አፋቸው ላይ ግን ብዙም አታገኙትም። ደቻቱ ወንዝ በሚሞላበት ቀን የምትሰሙት «ኢትስ ፖሪንግ» የሚለውን ነው። ድሮ እንስሳት ከሣር ክዳን ላይ በዝናብ እየተንሸራተቱ ስለሚወድቁ ነው የሚለው ተረትም እውነት አይደለም፤ አትድከሙበት።

አደገኛው ግን ይሄ አይደለም። «ኪክድ ዘ በኬት» የሚለውን ሁሉም «ሞተ ማለት ነው» ብሎ ይይዘዋል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው አባቱ ለሞተበት የውጭ አገር የሥራ ባልደረባው የሐዘን መልእክት ሲያዘጋጅ አሳየኝ። «አባትህ ኪክድ ዘ በኬት መባሉን ሰምቼ አዘንኩ» ይላል። በልቡ ያለው እውነተኛ ሐዘን ነው። የጻፈው ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባትህ ክልትው አሉ አሉ» እንደማለት ነው። ደግነቱ አልላከውም ነበር። «ፓስድ አዌይ» ብለን ቀየርነው፤ «አረፉ» የሚለው የእኛ ቃል ትክክለኛ አቻ ነው።

ፈሊጥ ስትይዙ ከትርጉሙ ጎን ማን ለማን እንደሚለው ጻፉ። ለጓደኛ? ለአለቃ? ለቅሶ ላይ?

«ፈረንጅ ፈረንጅ የሚል ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ ነው»

ጋራዥ የሚሠራ ተማሪ ነበረኝ። «የመኪና ዕቃ ስም እንኳን አታስተምረኝ፣ ሁሉንም አውቃለሁ» አለኝ። ቆጠረልኝ፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ ብሬክ፣ ጊር፣ ክላች፣ ታየር፣ እስክሩድራይቨር ይባላሉ። «ሹፌር» ደግሞ የፈረንሳይኛ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ፈረንሳይኛንም ይዞ ስለመጣ፣ ለድሬ ሰው ይሄ የቤት ታሪክ ነው። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ሌላ አገር ሄዳችሁ የውሃ ላስቲክ በዚህ ስም ብትጠሩ የሚረዳችሁ የለም። «ፌስታል»ም እንዲሁ፤ «ፕላስቲክ ባግ» በሉ። እኔን የሚጠሩበት «ቲቸር» ራሱ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ እንግሊዞቹ መምህራቸውን «ሰር» ወይም «ሚስ» ብለው ነው የሚጠሩት።

«እንደ አሜሪካኖቹ ካልተናገርኩ ይስቁብኛል»

እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ የሚናገረው ሕዝብ አፉን ከፈታበት ይበልጣል። የሐበሻ ቃና ነውር አይደለም። የሚያስቸግረው ፊደሉን አምኖ ማንበብ ነው፤ «ዌንስዴይ» ሲባል መሐል ያለው «ዲ» አይሰማም። ቃሉን ከማንበባችሁ በፊት ስሙት።

«አርጅቻለሁ፤ የያዝኩትም ይጠፋብኛል»

የልጅ ምላስ ቃናን በመቅዳት ይበልጣል፤ ይሄ እውነት ነው። ቃላትን በመያዝ ግን ትልቅ ሰው መጀመሪያ ላይ ከልጅ ይፈጥናል። መርሳት ደግሞ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገውና በ1885 ባሳተመው ሙከራ ያሳየው ይህንን ነው፤ ሰው አዲስ የያዘውን አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይረሳል። ጊዜ እየሰጡ መድገም ግን ያቆየዋል። በአንድ ሌሊት ሃምሳ ቃል ከማጥናት፣ አምስት ይዞ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መመለስ ይሻላል።

ታይዋን ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት እናት እንዲህ ነው የሚያጠኑት። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። አምስት ዐረፍተ ነገር ብጣሽ ወረቀት ላይ አጽፈውኝ ከሜትሩ ጋር ያስሩታል። ጨርቅ በለኩ ቁጥር ያዩታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ አገር ሰው ሰማያዊ ሻሽ ጠየቃቸው። ወረቀቱን ሳያዩ «ሶሪ፣ ዊ ራን አውት። ካም ባክ ቱሞሮ» አሉት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።