የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ስሞችና ከበስተጀርባቸው ያሉ ሰዎች

በእንግሊዝ የጥንት መጠጥ ቤቶች በር ላይ የሚንጠለጠለው ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ መንገደኛ የተሠራ ነበር፤ ማንበብ ባይችልም ዋላን ከአንበሳ ይለያልና። እ.ኤ.አ. በ1393፣ በዳግማዊ ሪቻርድ ዘመን፣ ጠምቆ የሚሸጥ ሁሉ በበሩ ምልክት እንዲሰቅል ታዘዘ። በወርቅ ሰንሰለት የታሰረው «ነጭ ዋላ» የሪቻርድ የራሱ አርማ ሲሆን ዛሬም በብዙ ከተሞች ይታያል። «ቀይ አንበሳ»ን አንዳንዱ ለላንካስተሩ መስፍን ለጆን ኦቭ ጎንት፣ ሌላው በ1603 የእንግሊዝን ዘውድ ለደረበው የስኮትላንድ ንጉሥ ለጄምስ ይሰጠዋል። «ጊዮርጊስና ዘንዶው» ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የምናውቀው ያው ፈረሰኛ ነው።

ስለ «ንጉሣዊው ባሉጥ» ግን ክርክር የለም። በ1651 የ21 ዓመቱ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በዉስተር ከተማ በፓርላማው ወገን የጦር መሪ በክሮምዌል ጦር ተሸንፎ ሸሸ። ቦስኮቤል ከተባለ ስፍራ ሲደርስ ከኮሎኔል ዊልያም ኬርለስ ጋር አንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ተደበቀ። ወታደሮች ከሥር ጫካውን ሲያስሱ፣ ከድካም ብዛት በኮሎኔሉ ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። በ1660 ዙፋኑ ሲመለስለት ሜይ 29 የሕዝብ በዓል ሆነ፤ እስከ 1859ም ተከበረ። ዛፉን መታሰቢያ ፈላጊዎች ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ቆርጠው ጨረሱት፤ በስሙ የተጠሩት መጠጥ ቤቶች ግን በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ከሁሉ ልብ የሚነካኝ «የግራንቢው ማርኲስ» ነው። ማርኲስ የመሳፍንት ማዕረግ ነው፤ ባለማዕረጉ ጄኔራል ጆን ማነርስ በ1760 በዋርቡርግ ጦርነት ፈረሰኞቹን እየመራ ሲጋልብ ባርኔጣውና ሰው ሠራሽ ጸጉሩ ወድቀው በራ ራሱን ለጠላት አሳየ፤ በብዙ ሥዕሎችም ላይ እንዲሁ ሆኖ ይታያል። ከአገልግሎት የተሰናበቱ ወታደሮቹን ገንዘብ እየሰጠ መጠጥ ቤት እንዲከፍቱ ረዳቸው ይባላል። እነሱም ቤቶቻቸውን በስሙ ጠሩ። እሱ ራሱ በ1770 ከነዕዳው ሞተ።

አፈ ታሪኩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። «አረንጓዴው ሰው» ቀድሞ ቅጠል ለብሶ በሰልፍ ፊት የሚሄድ ሰው ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ከተቀረጹት ቅጠላም ፊቶች ጋር ስሙ የተያያዘው ሌዲ ራግላን በ1939 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። «ዝሆንና ግንብ»ም ከአንዲት የስፔን ልዕልት ማዕረግ ተጣምሞ የመጣ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ይህ መሠረት የለውም። ግንብ የተሸከመው ዝሆን የለንደን ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር አርማ ነው፤ የቢላዋውን እጀታ የሚሠሩት ከዝሆን ጥርስ ነበርና።