የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ ምንድን ነው? የሩዋንዳ ኤምባሲና በአንድ ሰከንድ ያለቀው ቡና

እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 በቻይና የሩዋንዳ አምባሳደር የነበሩት ጄምስ ኪሞንዮ ከአንዲት ስመ ጥር የኢንተርኔት ሻጭ ጋር በቀጥታ ሥርጭት ቀርበው የሀገራቸውን ቡና ለቻይና ሸማቾች አስተዋወቁ። ለሽያጭ የቀረበው 3,000 ከረጢት፣ በጠቅላላው 1.5 ቶን ቡና፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተሸጦ አለቀ። አምባሳደር ሲባል የሹመት ደብዳቤና የግብዣ አዳራሽ ለሚታየው ሰው ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን የታወቀ ስም አለው፤ የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ ይባላል።

የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ ማለት አንድ መንግሥት በውጭ ያሉትን ሚሲዮኖቹን፣ ማለትም ኤምባሲዎቹንና ቆንስላዎቹን፣ ለሀገሩ ምርት ገበያ እንዲያፈላልጉ፣ ባለሀብት እንዲስቡና በላኪው ፊት የቆመውን መሰናክል እንዲያስነሡ የሚያሠማራበት አሠራር ነው። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 3 የኢኮኖሚ ግንኙነትን ማሳደግ ከሚሲዮን ተግባራት አንዱ መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 42 ደግሞ ዲፕሎማቱ በተመደበበት ሀገር ለግል ጥቅሙ እንዳይነግድ ይከለክላል። ስለዚህ አምባሳደሩ ምርቱን ያስተዋውቃሉ እንጂ ነጋዴ አይሆኑም።

ይህ ሥራ ለትንሽ ሀገር ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላ የሚሠራላት ስለሌለ ነው። የትልልቅ ሀገራት ኩባንያዎች በቤይጂንግም ሆነ በዋሽንግተን የራሳቸው ቅርንጫፍ፣ ጠበቃና የገበያ አጥኚ አላቸው። ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በጥቂቱ የምትሰፋው፣ የባሕር በር የሌላት ሩዋንዳ ግን ቡናዋን የሚያመርቱላት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። ምርታቸውን የሚሰበስብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከዳሬሰላም ወይም ከሞምባሳ ወደብ ለመድረስ እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የጭነት ዋጋ ይከፍላል፤ ሻንጋይ ውስጥ ቢሮ መክፈት ከቶ አይታሰብለትም። ለእርሱ ኤምባሲው ቅርንጫፍም፣ ዋስም፣ አስተዋዋቂም ነው።

በአንድ ሰከንድ ያለቀው ቡና መጠኑ ብዙ አልነበረም። አንዱ ከረጢት ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው፤ ቡና የሚጫንበት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ግን 18 ቶን ያህል ስለሚይዝ፣ ሽያጩ የኮንቴይነሩን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዋጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በጅምላ የሚላክ ጥሬ ቡና ብዙ ጊዜ ከሌላ ሀገር ቡና ጋር ተደባልቆ፣ የተመረተበት ሀገር ስም ጠፍቶ ሸማቹ ዘንድ ይደርሳል። በዚያን ዕለት ግን ሸማቹ ሩዋንዳ የሚለውን ስም ሰምቶ፣ የሀገሪቱን ተወካይ ፊት አይቶ ገዛ። እምነት የሚገዛው እንዲህ ነው፤ እንዲህ ያለውን እምነት ለማስገኘት ደግሞ ከአምባሳደር የተሻለ ሰው አይገኝም። በቤይጂንግ የኢትዮጵያ አምባሳደርም በ2022 በተመሳሳይ መንገድ ቡናችንን ለቻይና ሸማቾች አስተዋውቀዋል።

ካሜራ የማያየው ሥራ ከዚህ ይበልጣል። አንድ የግብርና ምርት ቀረጥ ቢነሣለት እንኳ፣ የሁለቱ ሀገራት መሥሪያ ቤቶች በዕፅዋት ጤና መስፈርት ላይ ካልተፈራረሙ፣ ከወደብ ይመለሳል። ሩዋንዳ የደረቀ በርበሬዋን ወደ ቻይና መላክ የቻለችው እንዲህ ያለው ፕሮቶኮል ከተፈረመ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ የሚያመላልሰው፣ የጎደለውን ሰነድ የሚጠይቀው፣ ቀጠሮ የሚያስይዘው የሚሲዮኑ ሠራተኛ ነው። ገዢ ነኝ ብሎ የመጣው ድርጅት በእርግጥ ያለ መሆኑን የሚያጣራውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው፤ አንዲት የማጣሪያ ስልክ ሳይደወል ቀርቶ የአንድ ዓመት ምርት ለአጭበርባሪ ሊሄድ ይችላልና፣ ይህን ተግባር አቃልሎ ማየት አይገባም።

ሚሲዮን ሊያደርግ የማይችለውም አለ። ሩዋንዳ የሀገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን ለማሳደግ ስትል በ2016 በልባሽ ጨርቅ፣ በተለምዶ ሰልባጅ በሚባለው፣ ላይ የጣለችውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። አሜሪካም በምላሹ የሩዋንዳ አልባሳት በአጎዋ፣ ማለትም ለአፍሪካ ሀገራት ምርቶች ከቀረጥ ነፃ ገበያ በሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚገቡበትን ዕድል በጁላይ 2018 አገደች። ኢትዮጵያ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ የሆነውን የሚያስታውስ አንባቢ፣ እንዲህ ያለው ውሳኔ በኤምባሲ ደረጃ የሚመለስ አለመሆኑን ያውቃል። ኪጋሊ ቀረጡን አላነሣችም። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2018፣ ከቻይናው የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ ስምምነት ተፈራረመች፤ የአንድ ሰከንዱ ገበያ የተከፈተውም በዚያ በኩል ነው።